ለቦርሳዬ ስለመረጥክልኝ ሽጉጥ

ለወንድሜ ለፍቅሩ፤

እንደምን ሰነበትክልኝ? ጤናህ እንዴት ነው? ደም ግፊትህ ወረደልህ ወይስ አሁንም መድኃኒቱን እየረሳህ ሩሃማን የመሰለች ሚስት ታስጨንቃለህ? እሷስ እንዴት ናት፣ አዲሱ ሥራ ተስማማት? የዳላስ ብርድ ዘንድሮ ጠንከር ብሎ ነበር ሲሉ ሰምቼ አሰብኳችሁ። ለዐቢይ ጾም እንኳን በሰላም አደረሳችሁ። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን በሕይወት አለን። ደኅና ነን ብዬ ልጽፍልህ ብዕሬን አንስቼ ነበር፤ ውሸት ሆነብኝና ተውኩት።

በዚህ ዘመን ደብዳቤ ከየት መጣ ብለህ እንደምትገረም አውቃለሁ። በስልክ ብነግርህ ገና አፌን ስከፍት ታቋርጠኛለህ፤ አንተ ትጮሃለህ፣ እኔ አለቅሳለሁ፣ ነገሩ ሳይነገር ይቀራል። ወረቀት ግን አይቋረጥም። እኔ ታላቅህ ነኝና እስከ መጨረሻው አንብበው።

ያስጻፈኝ ባለፈው ቅዳሜ የላክኸልኝ የድምፅ ሜሴጅ ነው። ራጉኤል ስልክ አላነሳ ስላለህ ወደ እኔ ላክኸው። እየሳቅህ፣ "እትዬ፣ ባልሽ ሽጉጡን ወደደው? ወገቡ ላይ ተስማማው? ላንቺም ለሴት ቦርሳ የምትሆን ቀለል ያለች አይቼልሻለሁ፤ እጀታዋ ሮዝ ነው" አልከኝ። ከሥራ ወደ ቤቴ ወደ ቶርንክሊፍ በባስ እየተመለስኩ ነበር። ደሜ ፈልቶ የምወርድበትን ፌርማታ አልፌ ሄድኩ። ሮዝ አልክ ፍቅሩ? ባሌ በአንተ ምርጫ ምን ላይ እንደደረሰ ስላልሰማህ ነው የሳቅኸው፤ እንግዲህ ስማ።

አንተ የምታውቀው መጀመሪያውን ነው። ጥቅምት ላይ ራጉኤል በታክሲ ሥራው ከኤርፖርት ሰው አድርሶ ሲመለስ፣ ቤንዚን ሊቀዳ በቆመበት ሁለት ጎረምሶች መኪናውን ነጠቁት። አንደኛው በያዘው ሽጉጥ እጀታ ግንባሩን ፈነከተው። መኪናው ጠፍቶ ቀረ። ሌላ አሮጌ መኪና ገዝቶ ሥራውን ቀጠለ እንጂ ሰውየው እንደ ድሮው አልነበረም። ቀይ መብራት በያዘው ቁጥር በሮቹን ይቆልፋል፣ ተቆልፈው እያሉ እንደገና ይቆልፋል። ከኋላው ሰው ቢያስነጥስ ይዘላል። ሐኪሙ አንዲት የምታነጋግረው ባለሙያ ጋ ልኮት ነበር፤ አንዴ ሄዶ ቀረ። ለምን እንደቀረ የነገረኝ ገና አሁን ነው። ለካ አንተ "ወንድ ልጅ መኪናውን ተነጥቆ ወሬ ሊያወራ ይሄዳል?" ብለኸው ኖሯል።

ያኔ እኮ የሚያስፈልገው አይዞህ የሚለው ሰው ነበር። አንድ ቅዳሜና እሁድ መጥተህ አብረኸው ብትቀመጥ፣ ብታስቀው፣ ዝም ብለህ እንኳ ብታዳምጠው ይበቃው ነበር። አንተ ግን የሽጉጥ ሥዕል ታዘንብለት ጀመር። በየቀኑ ኮል እያደረግክ፣ "ትልቁ ብዙ ጥይት ይይዛል፣ ግን ሸሚዝ ሥር ያብጣል። ትንሹ ኪስ ይገባል፣ ግን ሲተኮስ እጅ ላይ ይዘላል። በየቀኑ ለመያዝ መሃለኛውን የመሰለ የለም" ትለዋለህ። ከቀበቶው በውስጥ በኩል ይሁን ወይስ በጎን፣ ማኅደሩ ቆዳ ይሁን ወይስ ፕላስቲክ፣ ስትከራከሩ ወጥ ቤት ሆኜ እሰማለሁ። ሁለት ሰዎች ጫማ የሚመርጡ ነበር የምትመስሉት። ቤተ ክርስቲያን እንኳ ታጥቀህ እንደምትሄድና ማንም ልብ ብሎህ እንደማያውቅ ስትነግረው ድምፅህ ላይ የነበረውን ኩራት መቼም አልረሳውም።

አንድ ቀን ከሥራ ስገባ ራጉኤል መስታወት ፊት ቆሟል። የቴሌቪዥኑን ሪሞት ሱሪው ውስጥ ሸጉጦ፣ ጃኬቱን ጣል አድርጎ፣ ጎንበስ ይላል፣ ቀና ይላል፣ ወንበር ላይ ተቀምጦ ይነሳል። ሩቲ ከክፍሏ ወጥታ በእንግሊዝኛ፣ "አባ፣ ምን እያደረግክ ነው?" ብላ በሳቅ ፈረሰች። እሱ አልሳቀም። ለካ አንተ ነህ፣ "ከመግዛትህ በፊት የሚያክለውን ነገር ሸጉጠህ እይ፤ ይታይ እንደሆነ ታውቃለህ" ያልከው። የሃምሳ ዓመት ሰው፣ የልጅ አባት፣ ሪሞት ሸጉጦ ወገቡን በመስታወት ሲያይ! ያን ዕለት ተጣላን። ይህ ቶሮንቶ ነው፣ ዳላስ አይደለም አልኩት። እሱም አላመነኝም መሰለኝ፣ የጦር መሣሪያ የሚሸጥ ሱቅ ሄዶ ጠየቀ። ሻጩ ፊት ለፊት ነገረው፤ ግለሰብ ሽጉጥ መግዛት ከታገደ ቆይቷል፣ ከድሮው ያለው ሰው እንኳ ወገቡ ላይ ሸጉጦ መንገድ ለመንገድ ሊዞር አይችልም። ራጉኤል ሲመለስ ቀለል ብሎት ነበር። "በቃ፣ ተውኩት" አለኝ። አመንኩት።

አንተ ግን አልተውከውም። "ሌባው ፈቃድ ጠይቆ ነው እንዴ የያዘው? ከተማው ትልቅ ነው፣ የሚሸጥ አይጠፋም" አልከው። እሱም ፈልጎ አገኘ። ከማን እንደገዛው ዛሬም አላውቅም። ታኅሣሥን ሙሉ ያ ነገር ከሩቲ የብርድ ልብሶች ኋላ፣ እኔ በየሳምንቱ በማስተካክለው ቁም ሣጥን ውስጥ ነበር። እኔ አላውቅም፤ አንተ ዳላስ ተቀምጠህ ታውቃለህ። "ጎበዝ፣ ምርጫ ታውቃለህ" ብለህ አወድሰኸዋል። በገዛ ቤቴ ውስጥ ካንተ ያነሰ የማውቅ ሰው አደረግኸኝ ፍቅሩ። ይህ እስካሁን ያንገበግበኛል።

አሁን የማታውቀውን ልንገርህ። ጋሽ በየነን ታስታውሳቸው ይሆናል፤ ከእኛ በላይ ባለው ፎቅ ብቻቸውን የሚኖሩት ሽማግሌ። በደርግ ጊዜ በሱዳን በኩል ወጥተው እዚህ የገቡ ናቸው። እኛ የመጣን ዕለት ኤርፖርት ድረስ ካፖርት ይዘው የተቀበሉን፣ ሩቲንም በእጃቸው ያሳደጓት እሳቸው ናቸው። አሁን ጆሯቸው ደክሟል። ማዳመጫ ተሰጥቷቸዋል፤ ያሳክከኛል እያሉ መሳቢያ ውስጥ ይተዉታል።

ከጥምቀት በኋላ ባለው እሁድ፣ ከቅዳሴ ተመልሰን ምሳ ከበላን በኋላ ራጉኤል ሥራ ልጀምር ብሎ ምድር ቤት ወዳለው ፓርኪንግ ወረደ። የቤት ቁልፉን ሊፍቱ ውስጥ ጥሎት ኖሯል። ጋሽ በየነ ቀጥለው ሲገቡ አገኙትና፣ ሩቲ የሠራችለትን ማንጠልጠያ ስለሚያውቁ ሊያደርሱለት ተከትለው ወረዱ። ብርዱ የሚቆርጥ ነበር። ኮፍያቸውን እስከ ቅንድብ፣ ሻርፓቸውን እስከ አፍንጫ አድርገዋል። ከኋላው ቶሎ ቶሎ ሲመጡ ራጉኤል የእግር ኮቴ ሰማ። ዞር ሲል ፊቱ የተሸፈነ ሰው ወደሱ ይገሰግሳል። "ቁም!" ብሎ በእንግሊዝኛ ጮኸ። እሳቸው አልሰሙትም። ደግሞ ጮኸ። እሳቸው ጭራሽ ቁልፉን ሊያወጡ እጃቸውን ኪሳቸው ውስጥ ከተቱ።

ያን ጊዜ ሽጉጡን ሊመዝ እጁን ሰደደ። ያን ሸሚዝ ሥር አይታይም ብለህ የመረጥክለትን መሣሪያ የሹራቡ ጠርዝ ያዘው። ራጉኤል ይጎትታል፣ አይወጣም። በኃይል ሲስበው ወጣ፤ አፈሙዙም በቀጥታ ጋሽ በየነ ደረት ላይ አረፈ። ጣቱ ቃታው ላይ ነበር። ሹራቡ ባዘገየው ቅጽበት ግን እሳቸው ቀርበው፣ ሻርፓቸው ወርዶ፣ ፊታቸው ታየው። እጃቸው ላይ ቁልፉ ተንጠልጥሏል።

በር ሲንኳኳ ከፈትኩ። ራጉኤል ጋሽ በየነን ደግፎ ቆሟል፤ ማን ማንን እንደደገፈ ግን አይለይም። የታመሙ መስሎኝ ውሃ ላመጣ ሮጥኩ። ራጉኤል ነው መሬት ላይ ተቀምጦ፣ "መሠረት፣ ልገድላቸው ነበር" ያለው። ከዚያ ያን ነገር ከጃኬቱ ሥር አውጥቶ ወለሉ ላይ አደረገው። እንደገና መንካት ግን አቃተው። ጋሽ በየነ ብርጭቆውን አስቀመጡና ጎንበስ ብለው አነሱት። አፈሙዙን ወደ ግድግዳው አዙረው፣ የጥይት ካዝናውን አውጥተው፣ የተቀባበለችውን ጥይት መዳፋቸው ላይ ጣሏት። ያን ሁሉ ዓመት እጃቸው አልረሳውም። ከዚያ ረጋ ብለው፣ "በወጣትነቴ ብዙ ተደግኖብኛል። የደገነብኝ ጠላት ነበርና አልገረመኝም። ጋሼ የሚለኝ ሰው ሲደግንብኝ ግን የመጀመሪያዬ ነው" አሉ። ራጉኤል እግራቸው ላይ ወደቀ። አነሱት፤ ግን እንደ ልማዳቸው ትከሻውን መታ መታ አላደረጉትም። ልብ ብዬ አይቻለሁ።

በማግስቱ ጠበቃ ሜሮን ጋ ሄድን፤ ደብራችን የምታስቀድሰዋን ማለቴ ነው። ራጉኤል ወንዝ ልጣለው ሲል ነበር። ሜሮን ጮኸችበት፤ እንዳትነካው፣ ከቤትም እንዳታወጣው፣ እኔ ለፖሊስ እናገራለሁ አለችው። ፖሊሶቹ በጠራራ ፀሐይ መጡ። ጎረቤቱ ሁሉ በር ከፍቶ እያየ ሽጉጡንም ባሌንም ይዘው ሄዱ። በዋስ ተለቀቀ፤ ክሱ ግን አለ። ሲቲዝንሺፑ ቃለ መሐላው ብቻ ነበር የቀረው፤ እሱም ቆመ። ሜሮን በገዛ ፈቃዱ ማስረከቡ ይታይለታል ትላለች። ከተፈረደበት ግን ከአገር እስከ መባረር ሊደርስ እንደሚችል አልደበቀችኝም። ሩቲ ባለፈው፣ "አባዬን ይወስዱታል?" ብላ ጠየቀችኝ። ይህን የጠየቀችኝ በአማርኛ ነው፤ እሷ በአማርኛ የምታወራኝ ስትፈራ ብቻ ነው።

ራጉኤል ምን እንዳለኝ ታውቃለህ? "ወንድምሽን በዚህ ነገር አታንሺው፤ የገዛሁት እኔ ነኝ፣ የመዘዝኩትም እኔ ነኝ።" ለሜሮንም ስምህን አልጠራም። ፈሪ የምትለው ሰው ይህ ነው። እሱ እውነቱን ነው፤ ጥፋቱን ከትከሻው አላወርድለትም። እኔ ግን አነሳሃለሁ። የፈራ ሰው አግኝተህ ፍርሃቱን ቀለብከው። ነገ በእሱ ላይ ሲፈረድ አንተ ሶፋህ ላይ ተቀምጠህ የእጀታ ቀለም ትመርጣለህ። አንድ ቀን እንኳ፣ "ይህን ሰው የማስታጥቀው ማን ላይ ነው?" ብለህ ራስህን ጠይቀህ ታውቃለህ? መልሱን እኔ አየሁት። ቁልፍ ይዘው የመጡ አባት ላይ ነው።

ለቦርሳዬ ያየህልኝን እዚያው ባየህበት ተወው። ለፋሲካ እመጣለሁ ብለሃል፤ በሬ ክፍት ነው፣ ግን ባዶህን ና። ድንበር ላይ ቢይዙህ ላማልድህ አልመጣም። ከሁሉ በፊት ለጋሽ በየነ ደውል። ጮክ ብለህ ተናገር፣ አለዚያ አይሰሙህም። ምን እንደምትላቸው አንተ ታውቃለህ። ራጉኤልንም ስለ ሽጉጥ ሳይሆን ስለ ልቡ ጠይቀው፤ ወደዚያች ባለሙያ ተመልሷል፣ ትንሽ ትንሽ መተኛት ጀምሯል።

ጋሽ በየነ እኛን አልተዉንም፤ አሁንም እየመጡ ይጠይቁናል። ዛሬ ከሰዓት በኋላም መጡ። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን ዝም ብለው አያንኳኩም። ገና ከሊፍቱ ሲወጡ ጀምረው፣ "በየነ ነኝ! በየነ ነኝ!" እያሉ ኮሪደሩን ሙሉ እየጮኹ ነው የሚመጡት። ራጉኤል ድምፁን በሰማ ቁጥር መኝታ ቤት ገብቶ በሩን ይዘጋል። እስኪወጣ ድረስ እሳቸው ይጠብቁታል።

ሩሃማን በጣም አድርገህ ሰላም በልልኝ፤ እሷ ይህን ደብዳቤ ብታነበው ቅር አይለኝም፣ እንዲያውም አንብብላት። እናቷንም መሠረት ሰላም ብላለች ብለህ ጉልበታቸውን ሳምልኝ። ሩቲ ለአጎቷ ሰላምታ ልኬያለሁ ብላለች፤ ራጉኤልም፣ እመነኝ፣ ሰላም በይልኝ ብሎሃል። ትንሿን ልጅህን ብሩኬን ሳምልኝ። ሮጣ መጥታ ወገብህን ስታቅፍህ ግን እጇ ብረት እንዳይነካ፤ መጀመሪያ አውልቀህ፣ ቆልፈህ፣ ከዚያ ሳምልኝ።

እህትህ መሠረት

ቶሮንቶ፣ ቶርንክሊፍ ፓርክ
የካቲት ፳ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም.