አባትሽ የመረጠው እጀታ

ልጄ ጋቪና፣ የመንደራችን ቅዱሳን በሄድሽበት ሁሉ ይከተሉሽ። ጉልበቴ ቢያስቸግረኝም ደህና ነኝ። አንቺ ብቻ ልብስ ደርቢ፤ የብራስልስ ብርድ አይታመንም።

አባትሽ ዓይኑ ጠፍቷል፣ ጣቱም ደንዝዟል። ቢሆንም ለሠርግሽ ሰንጢ ካልሠራሁ ብሎ በዳበሳ እጀታ መረጠ። የአውራ በግ ቀንድ ያነሣ መስሎት ለቱሪስት ለምንሸጠው ርካሽ ሰንጢ የሚሆነውን ፕላስቲክ አነሣ። ልንገረው ብዬ ተውኩት። ሦስት ቀን ሙሉ ሲሞርደው ቁጭ ብዬ አየሁት።

«ባይንጃ፣ ቀንድ ሲሞረድ እንደ ተቃጠለ ጸጉር ይሸታል። ይሄ ምነው አልሸተተኝ?» አለኝ።

«ጉንፋን ይዞህ ነዋ!» አልኩት። ምን ላድርግ?

«እንዲህ የለሰለሰ ቀንድ በመንደራችን በፓታዳ ታይቶ አይታወቅም» እያለ ጉንጩ ላይ ያሻሸዋል።

ሰንጢው ሲደርስሽ ደውዪለት፣ የኔ እናት። ቀንዱ ያምራል በይው። እግዜር ከክፉ ሁሉ ይሰውርሽ።

እናትሽ