ትኩሳቱ ስለ ወረደለት ልብስ ሰፊ፣ ለሆስፒታላችን ዳይሬክተር

ለተከበሩ ዋና ዳይሬክተራችን፤

ጤናዎን እንደ ዓመታዊ ሪፖርትዎ ያሳምርልን እያልኩ፣ በታካሚዎች ሰውነት ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎችን በስታቲስቲክስ የማጠናው ሠራተኛዎ እጅ ነስቼ የሚከተለውን አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ ጥናታችንን «የቁጥር ጨዋታ» ብለው ክፍላችንን የአሮጌ ወንበሮች ማከማቻ ስላደረጉልን እናመሰግናለን፤ መስኮቱ ስለ ተጋረደ ፀሐይ አያጠቁረንም። «ባክቴሪያ ሂሳብ አልተማረም!» ማለትዎም እውነት ነው፤ ማባዛቱን ግን ከሁላችንም በላይ ያውቅበታል።

ሁለተኛ፤ የእግሩ አጥንት አመርቅዞበት የተኛውን ልብስ ሰፊ ያስታውሱታል። መድኃኒት ሲጀምር ትኩሳቱ ወረደ፣ ሰውዬውም ሳቀ፣ እርስዎም አልጋ ስለ ጠበበ ይውጣ አሉ። እኔ ግን ከደሙና ከቁስሉ ናሙና ተነስቼ የሠራሁት ስሌት፣ አብዛኞቹ ባክቴሪያዎች ቢሞቱም ጥቂቶቹ አጥንቱ ውስጥ እንዳደፈጡ፣ መድኃኒቱ አሁን ከቆመም የመመለሳቸው ዕድል እንደሚያመዝን ስላሳየኝ፣ ቢሮዎ ድረስ መጥቼ ለመንኩ። «ልጄ፣ ትኩሳት የሌለውን ሰው በግምት አላስተኛም» ብለው በአባትነት ሸኙኝ።

ሰውዬው መድኃኒቱን አቁሞ ወጣ፤ ብዙም ሳይቆይ ትኩሳቱ አገርሽቶበት በሚስቱ ትከሻ ተደግፎ ተመለሰ። ሚስቱ ኮሪደሩ ላይ ይዛኝ «እህቴ፣ ድኗል አላላችሁንም እንዴ? ለጎረቤቱ ሁሉ አውርቼ ጨርሻለሁ እኮ!» ስትለኝ መሬት መሬቱን አየሁ። እግሩ ሊቆረጥ እንደሚችል ሲነገረው ደግሞ ልብስ ሰፊው «የስፌት መኪናዬ እኮ በእግር ነው የምትሠራው» አለና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ልብስ ሰፊው የተኛበት ክፍል ሐኪም፣ እርስዎን ሳያስፈቅድ (አደራዎን ይቅር ይበሉት)፣ ስሌቱን ከእኔ ጋር ቁጭ ብሎ አየ፤ ሁለተኛ መድኃኒት ጨመረ፤ ትኩሳቱ ከወረደ በኋላም ሕክምናውን አላቋረጠም። ናሙናው በተወሰደ ቁጥር ስሌቴን እያረምኩ፣ ያደፈጡት ሲመናመኑ በጭንቀት ተከታተልኩ። እግሩ ተረፈ። ሚስቱ አቅፋኝ ስታለቅስ እኔም አለቀስኩ፤ ይህ ስታቲስቲክስ አይደለምና ሪፖርት ውስጥ እንዳይገባብኝ።

ሦስተኛ፤ ይህንኑ ታካሚ በሆስፒታሉ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ «የአርቆ አሳቢ አመራር ፍሬ» ብለው ሲያቀርቡ እጄ እስኪቀላ አጨብጭቤያለሁ።

ትዕዛዝዎ ተጥሶ ሰው በመዳኑ አሁንም እፍረት ያልተሰማት፣
ታዛዥዎ የስታቲስቲክስ ሠራተኛ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ጸሐፊዎ በጓሮ በር መጥታ እዚሁ የተኙትን የአማትዎን የምርመራ ውጤት «ለማንኛውም አንዴ አስሊልን፤ አለቃ አደራ ብለዋል» ብላ ሰጥታኛለች። ግምቴን እስካደርስ ድረስ፣ ምንም እንኳ ትኩሳታቸው ቢወርድ፣ አልጋቸውን ለሰው እንዳይሰጡብኝ።