አማቴና የሐኪሙ ድንኳን

ግንቦት ፫ ቀን ፲፱፻፴
ሙቀቱ ገና በሦስት ሰዓት አናት ይበሳል። የመንገድ ሠራተኞቹን ስም ጠራሁ፤ ጣልያኑ አለቃ እንደ ልማዱ ጮኾብኝ ተመለስኩ። እትዬ ወርቅነሽ ማሽላ ሲያበጥሩ አገኘኋቸው። ልጃቸው ከበቡሽ፣ ባለቤቴ፣ ከሞተች ሁለት ዓመት ሆነ። ዘመድ ጋ ይሂዱ ቢባሉ እምቢ... "አንቱን ማን ያበላዎታል?" ይሉኛል። አማትና አማች ብቻችንን በአንድ ቤት። ሰው ይስቅብን ይሆናል። ይሳቅ።

ግንቦት ፯
እትዬ ታመዋል። ሆዳቸውን ይቆርጣቸዋል፣ ያስቀምጣቸዋል፣ ደምም አለው። ለእኔ መቼ ይነግሩኛል... የነገረችኝ ጎረቤታችን ሐቢባ ናት። የምታጥባቸውም፣ ጨርቁን የምትለውጥላቸውም እሷ። እኔ ስገባ ነጠላቸውን እስከ አፍንጫቸው ይስባሉ።

ግንቦት ፰
ካምፑ አጠገብ ወዳለው የሐኪም ድንኳን ሄድኩ። በአስተርጓሚ አስረዳሁት። "አንጀታቸው ተቆጥቷል። በዚህ ዕድሜ ቶሎ ይደክማሉ፣ አምጣቸውና እዚህ ይተኙ" አለ።
ለእትዬ ነገርኳቸው። "ፈረንጅ ልብሴን ገልጦ ሊያየኝ? ሞቼ ነዋ!"
ተመልሼ ሄድኩ። "እንግዲያው እቤት ብዙ ይጠጡ። ካልቀነሰላቸው ግን እምቢ ቢሉም አምጣቸው" አለኝ።

ግንቦት ፲
ሐቢባ እህቷ ሞታባት ማጀቴ ከተማ ሄደች። አሁን እኔና እትዬ ብቻ ነን። ማታ ጨርቁን ላነሳ ስል እጄን ያዙኝ። "ይተዉ... ግድ የለም፣ ይተዉ።" ዞር ብዬ አነሳሁ። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ምን ልበል? ምንም አላልኩ።

ግንቦት ፲፩
ተመስገን። ዛሬ ሁለቴ ብቻ። አጥሚቱን አጠገባቸው ትቼ ሄጄ ስመለስ ጣሳው ባዶ ነው።

ግንቦት ፲፪
አንዴም አላስቀመጣቸው። ጨርቁ ደረቅ፣ ውሃውም አጥሚቱም አልቋል። ለሐኪሙ ነገርኩት፤ "ጥሩ ነው፣ እቤት ይቆዩ" አለ። ደስ ብሎኝ ማር ገዛሁላቸው። "ተሻለዎት?" ስላቸው "ተሻለኝ፣ አንቱ ሥራዎን ይሥሩ" አሉ። ድምፃቸው ቀጥኗል። ከድካም ይሆናል...

ግንቦት ፲፬
ሐቢባ ዛሬ ጠዋት ተመለሰች። የእትዬን ክንድ ቆንጠጥ አድርጋ ለቀቀች። ቆዳቸው እንደተቆነጠጠ ቀረ።
"ጋሼ ሞገስ፣ ከመቼ ወዲህ ነው ያልጠጡት?"
"ኧረ ይጠጣሉ።"
ጎንበስ ብላ በአልጋውና በግድግዳው መሃል እጇን ሰደደች። እጇ ጭቃ ይዞ ወጣ። ሦስት ቀን ሙሉ የሰጠኋቸውን እዚያ ሲያፈሱት ኖረዋል።
በቃሬዛ ድንኳኑ ድረስ ወሰድናቸው። ሐኪሙ መርፌውን እስኪያዘጋጅ እንኳ አልቆዩልኝም።

ግንቦት ፲፮
ሰልስት። ለቀስተኛው ሲበተን ሐቢባ ወደኋላ ቀረች። ማጀቴ ልትሄድ ስትል እትዬ አልቅሰውባት ነበር። "አንቺ ከሌለሽ ማን ሊያነሳልኝ ነው? ልጄን ያገባው ሰው?" ብለዋታል። "ቶሎ እመጣለሁ ብዬ አባበልኳቸው፣ ምን ላድርግ" አለችኝ። እሷንስ ምን እላታለሁ?
ካልጠጡ አያስቀምጣቸውም። ካላስቀመጣቸው እኔ አላነሳም። ያሰቡት ይኸው ነው። እኔ ደግሞ ደረቁን ጨርቅ እያየሁ እግዜርን አመሰግናለሁ... ጅል።
አልተጠየፍኳቸውም እኮ። እናቴ ናቸው። የዚያን ዕለት ጨርቁን ሳነሳ ምንም አልመሰለኝም። ታዲያ ለምን ዝም አልኩ? "አልጠየፍዎትም፣ እትዬ" ማለት ሁለት ቃል ነው። ብላቸው ኖሮ ይጠጡ ነበር።