የጉደታ ድርሻ

ረቡዕ፣ ኅዳር 1 ቀን 1975

ሾላ ዋልኩ። ክርና ቁልፍ ደህና ሸጥኩ። እንጦጦ ዛሬ ጥርት ብሎ ይታያል። ቤት ገብቼ ድርሻዬን ከበርበሬው ከረጢት አወጣሁ። አራቱ ወንጌላት የእኔ ናቸው። ጸሎት ቤታችን ከታሸገ ወዲህ ሽማግሌያችን ጋሽ ዘነበ የቀረንን አንድ መጽሐፍ ቅዱስ በምላጭ ለአምስት ከፍለው አደሉን... ፍተሻ ቢመጣ ሁሉም እንዳይወሰድ። ይህን ደብተር ግን የት ልደብቀው? ዝም ማለት መቼ ለመድኩና!

ዓርብ፣ ኅዳር 3

ጫልቱ ሱቅ መጣች፣ ቁልፍ የምትመርጥ መስላ። ባሏ ጉደታ፣ የኮተቤው መምህር፣ ባለፈው ወር ቀበሌ ጠርተውት "ከእንግዲህ አላምንም" ብሎ ፈርሟል። ይህን ሁላችንም ሰምተናል። ለካ ከዚያ ወዲህ አይጸልይም።

"ድርሻዬን መልሺላቸው፣ እኔ አልቆልኛል ይላል፣ እትዬ አሳየች።"

"ማን ነው አለቀልህ ያለው?"

"ዕብራውያን ነዋ! የካደን ሰው ዳግመኛ ለንስሐ ማደስ አይቻልም የሚለው። ጠዋት ያነባል፣ ከሥራ ሲመለስ ያነባል።"

ድርሻው ከዕብራውያን እስከ ራእይ ነው። ሌላ የሚያነበው የለውም። ጌታን ክዶ የተመለሰው የጴጥሮስ ታሪክ እኔ ቤት፣ በርበሬ ውስጥ! ያውቀዋል መቼም... ግን ማወቅና ገልጦ ማየት አንድ ነው? እኛው በምላጫችን ለየነው!

ቅዳሜ፣ ኅዳር 4

ጋሽ ዘነበ ጋ ሄድኩ። "ከባድ ቃል በሌላ ቃል ነው የሚፈታው። ወንጌልሽን ይዘሽለት ሂጂ" አሉኝ።

"በዚህ ፍተሻ?" አልኳቸው።

"የነገ ሳምንት ሚካኤል አይደል?" ብለው ሳቁ። እኚህ ሰውዬ!

እሑድ፣ ኅዳር 12

ሕዝቡ ወደ የካ ሚካኤል ሲጎርፍ ነጠላዬን አጣፍቼ ተቀላቀልኩ። ከረጢቱ በብብቴ። ማንም አላስቆመኝም። የጉደታ ቤት ከቤተ ክርስቲያኑ በላይ ነው፣ ሹልክ አልኩ።

"በከንቱ ደከሙ፣ እትዬ" አለኝ።

"እስቲ አንብብልኝ፣ መነጽሬን ረስቼ ነው።" (አልረሳሁም።)

ገለጠ... አስነጠሰው። ደገመው። ሠለሰው። ጫልቱ በሳቅ ሞተች።

የጴጥሮስን ክህደት አነበበና ቀና አለ። "ጴጥሮስ አልፈረመም።"

"ምሏል እኮ! ማቴዎስ ላይ እይ፣ ራሱን እየረገመ ነው የማለው። መሐላ ከፊርማ ያንሳል?"

ወደ ዮሐንስ መጨረሻ ወሰድኩት። ጌታ ጴጥሮስን ሦስት ጊዜ "ትወደኛለህን?" ያለው ጋ ሲደርስ እያለቀሰ መጽሐፉን ለሚስቱ አቀበላት። የቀረውን ጫልቱ ጨረሰችው።

"ታዲያ ዕብራውያን ዋሸ?" አለ ጉደታ።

"አልዋሸም። መመለስ ስለማይፈልግ ሰው መሰለኝ የሚናገረው። አንተ ታለቅሳለህ። ደግሞ ጋሽ ዘነበን ጠይቅ፣ እኔ ክር ሻጭ ነኝ!"

ድርሻውን ግን አልመልስም አላለም፣ እመልሳለሁም አላለም።

ሐሙስ፣ ኅዳር 16

ጋሽ ዘነበ ቤት ተሰበሰብን። ጉደታ መጣ! በሩ ጥግ ተቀመጠ። አሜን ስንል እሱም አለ፣ ከሁላችን ዘግይቶ።

ጋሽ ዘነበ ድርሻ አለዋወጡን። ወንጌላቱ ለጉደታ፣ ዕብራውያን ለእኔ። ቤት ገብቼ ያን ከባድ ቃል፣ ምዕራፍ ስድስትን ገለጥኩ። ወረቀቱ በእንባ ተጨማዷል፣ ገና እርጥብ ነው። ከረጢቱ ውስጥ ከተትኩት። በርበሬው ያደርቀዋል።