ስሜ የተጻፈበት ዕቃ

ኤዝ-ዛህራ፣ ቱኒስ
ረቡዕ፣ ኖቬምበር 13 ቀን 2024

ለዓይኔ ብርሃን፣ ለልጄ ለሪሄም፣

ሰላምሽ ይብዛልኝ። ይህን ስታዪ "እማዬ ደግሞ በዚህ ዘመን ወረቀት" ብለሽ እንደምትስቂብኝ አውቃለሁ። ሳቂ፤ ስቀሽ ስትጨርሺ ግን እስከ መጨረሻው አንብቢው። ሰኞ ማታ ስልኩን ከዘጋሽብኝ ወዲህ ስድስት ጊዜ ደውዬ አላነሳሽም። የምትሠሪበት ክሊኒክም ደውዬ ነበር፤ ያነሳችው ሴት ጣሊያንኛዋን አወረደችብኝ፣ እኔም ሪሄም፣ ሪሄም ከማለት በቀር ያልኩት ነገር የለም። በስልክ መልእክት ልጽፍልሽ ጀምሬ አጠፋሁት። ነገሩ በሁለት መስመር የሚያልቅ አይደለም።

የጎረቤታችን የላላ ዙበይዳ ልጅ ሃይከል ነገ ወደ ቦሎኛ ይበራል። ዓርብ ጠዋት ሥራ ሳትገቢ ክሊኒኩ በር ላይ እንዲጠብቅሽ አስምዬዋለሁ። ደብዳቤውን ሳይሰጥሽ ቢመለስ እናቱ ቤት እንደማታስገባው እሷም ምላልኛለች። ከአዲሱ የወይራ ዘይት አንድ ጠርሙስ ጨምሬልሻለሁ፤ ሻንጣው ውስጥ ካልፈሰሰ ይደርስሻል።

እኔ ደህና ነኝ። ጉንፋኑ ለቆኛል።

ሰኞ ዕለት ያልሽኝን ሁሉ ሰምቻለሁ። "እማዬ፣ እንደ ሌባ ተደብቆ መኖር ሰልችቶኛል፤ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነው፤ ፎቶዬን አላወርድም" አልሽኝ። እውነትሽን ነው። የትምህርት ቤት ጓደኞችሽ ፎቶ ሲነሱ አንቺ የቦርሳ ጠባቂ ነበርሽ። በአጎትሽ ልጅ ሰርግ ላይ ካሜራው ወደኛ ሲዞር እጅሽን ጎትቼ ወደ ወጥ ቤት ያስገባሁሽ እኔ ነኝ። የበራችን ደወል ላይ ያለው ስም የላላ ዙበይዳ ነው፤ የስልኬም ቁጥር በእሷ ስም ነው። ይህን ሁሉ ሳደርግ ምክንያቱን አልነገርኩሽም። ጥፋቴ እሱ ነው፤ ሌላውን ዛሬም ቢሆን ደግሜ አደርገዋለሁ።

ባለፈው ወር "እዪኝ" ብለሽ የክሊኒኩን ገጽ ስትልኪልኝ በነጭ ልብስ ቆመሽ፣ ከሥርሽ ስምሽ ከነአባትሽ ስም፣ ኮራሁ። አብራኝ ለምትሠራው ለናጅላ አሳየሁ፣ ለላላ ዙበይዳ አሳየሁ፣ ዳቦ ለሚሸጠው ሰውዬ ሳይቀር አሳየሁት። ከዚያ ቤቴ ገብቼ በሩን ስቆልፍ፣ ገጹን ማንም ሰው እንደሚያየው ታወሰኝ። እስከ ሰኞ ድረስ ግን ዝም አልኩሽ፤ ደስታሽን መንጠቅ ከበደኝ።

የእኔን ሥራ ታውቂዋለሽ። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ፈረንሳይ አገር ላሉ የዕቃ መላኪያ ኩባንያ ደንበኞች በስልክ ሳወራ ስሜ ክሌር ነበር። ሁለት መቶ ቱኒዚያዊ በአንድ አዳራሽ ተቀምጦ አንዱ ጁልየን፣ አንዷ ሳንድሪን። ደንበኛው "እዚያ አየሩ እንዴት ነው?" ሲል የሊዮንን አየር ከስክሪኑ አንብበን እንመልሳለን። ናጅላ አንድ ጊዜ በነሐሴ ሙቀት የየካቲቱን ገጽ አንብባ "በረዶ ይጥላል" ብላ ደንበኛው ልጆቹን ኮት ሊያስለብስ እንደነበር ስነግርሽ ስቀሽ ልትሞቺ ነበር። ናጅላ "ስሜን ለፈረንጅ ሸጥኩት" እያለች ትማረራለች። እኔ ግን ክሌርን እወዳት ነበር። ባል የላት፣ አድራሻ የላት፣ የሚፈልጋት የላት።

መስከረም ላይ አዲስ ሥራ አስኪያጅ መጣ፣ በአክብሮት ሲ ረዑፍ የምንለው። "ደንበኛ ፊቱን የማያየውን ሰው አያምንም" አለ። የሁላችንም ፎቶ፣ እውነተኛ ስምና ከተማ በኩባንያው ገጽ ላይ ይወጣል፤ ደንበኛው የወደደውን ፎቶ ይነካና በቀጥታ ለዚያ ሰው ይደውላል ተባለ። ፎቶ በምንነሳበት ቀን ጥቁር መነጽር አድርጌ፣ ሻሼን እስከ ቅንድቤ ስቤ ሄድኩ።

"እትዬ፣ የሚፈልግሽ ፖሊስ ነው ባንክ?" አለኝ ፎቶ አንሺው።

"ሁለቱም አይደሉም።"

"እንግዲያው መነጽሩን አውልቂና ፈገግ በይ።"

ሲ ረዑፍ ቢሮ ገባሁ። "ፎቶዬንና ስሜን ያውጡልኝ፣ ክሌር ሆኜ ልቆይ" አልኩት።

"ወይዘሮ ዋሲላ፣ የሚደብቁት ነገር አለ?"

"ነገር አልደብቅም። የምደበቀው እኔ ነኝ፣ ከሰው።"

ምክንያቱን በጽሑፍ አቅርቢ ተባልኩ። "የግል ጉዳይ" ብዬ ጻፍኩ፤ አይበቃም ተብሎ ተመለሰ። ለአንቺ እንኳ ያልነገርኩሽን በሦስት መስመር ጻፍኩና ሰጠሁት። አነበበው፤ ፊቱ ተለወጠ። "በጣም አዝናለሁ" አለ፣ "ግን ለአንድ ሰው ደንቡን ካላላሁ ነገ ሁለት መቶውም በሬ ላይ ይሰለፋል። ደግሞም ውሉ ላይ ፈርመዋል።" ዘጠነኛው ገጽ ላይ አሳየኝ። እውነት ነው፣ ፈርሜያለሁ። ያን ጊዜ አንቺን ይዤ ዳቦ ስፈልግ የሞት ፍርዴንም ቢሰጡኝ እፈርም ነበር። የሰው መረጃ ይጠብቃል ወደሚባል መሥሪያ ቤትም ሄጃለሁ፤ አንዲት ደግ ሴት ማመልከቻዬን ተቀብላ፣ ማኅተም መትታ፣ በሁለት ወር ውስጥ መልስ ይመጣል አለችኝ።

"ክሌር ሞተች በቃ" አለች ናጅላ ምሳ ሰዓት ላይ፣ "አላህ ይዘንላት፤ አንድ ቀን እንኳ ሳታረጅ።" ልታስቀኝ ነበር። አልሳቅኩላትም።

ሰኞ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ፎቶዬን ነክቶ አንድ ሰው ደወለ። "ጤና ይስጥልኝ፣ ዋሲላ ነኝ፣ ምን ልርዳዎ?" አልኩ። አሁን ስማችንን መናገር ግዴታ ነው። 

"ድምፅሽ አልተለወጠም" አለኝ።

አባትሽ ነበር። ከማርሴይ።

እኛ መሥሪያ ቤት ደንብ አለ፤ ደንበኛው ሳይዘጋ ሠራተኛ አይዘጋም። ሁሉም ይቀረጻል። ለምን አልዘጋሽበትም ትዪኝ ይሆናል። እጄ ቁልፉ ላይ ነበረ፣ ልጄ፤ እምቢ አለኝ። አሥራ ሁለት ዓመት የለመደ እጅ ነው። ደግሞ የእሱን ድምፅ ስሰማ ድሮም ሰውነቴ እሱን እንጂ እኔን አይሰማም።

"ስንት ዓመት ፈለግሁሽ" አለ ረጋ ብሎ። "ለካ እንዲህ ፎቶሽን ሰቅለሽ ተቀምጠሻል። ቆንጆ ወጥተሻል። ግራ ጆሮሽ ተሻለሽ?"

ማዳመጫውን በቀኝ ጆሮዬ ብቻ እንደማደርግ ታውቂያለሽ። በልጅነቴ አሞኝ ነው ብዬሻለሁ። ለሐኪሙም፣ ለጎረቤትም፣ ለሁሉም እንዲያ ብያለሁ። አንቺ አሥር ዓመትሽ ነበር፤ እሱ በመታኝ ማግስት ጠዋት "ወደ ባሕር እንሂድ" ብዬሽ መርከብ ላይ ስንወጣ ጆሮዬ ላይ ያለውን ጥጥ አይተሽ "ለምንድን ነው?" ብለሽኝ ነበር። "ንፋስ እንዳይገባ" አልኩሽ።

"ምን ልርዳዎ?" አልኩት። ደንበኛ ከጉዳዩ ሲወጣ እንዲያ በሉ ተብለናል።

"ዕቃ መላክ እፈልጋለሁ። ወደ ቦሎኛ።"

የክሊኒክሽን ስም ነገረኝ። መንገዱን ነገረኝ። ቁጥር አሥራ ሰባት አለኝ። ከዚያ "ልጃችን ነጭ ልብስ ያምርባታል" አለ።

አድራሻውን ደግመን ለደንበኛው ማንበብ አለብን። አፌ አሥራ ሰባት ሲል ጣቴ ሰባ አንድ ጻፈ። ጀግንነቴ ይህችው ናት፤ ከዚህ በላይ አልነበረኝም።

"ላኪው ማን ይባል?"

"ዋሲላ በይ። ከእናቷ መሆኑን ስታይ ደስ ይላታል።"

ስሜን በገዛ እጄ ጻፍኩ። "እናመሰግናለን፣ መልካም ቀን ይሁንልዎ" ብዬ እሱ እስኪዘጋ ጠበቅኩ። አሥራ አንድ ደቂቃ ሆኖ ነበር።  ማታ ስደውልልሽ ይህን ልነግርሽ ነበር፤ ከአፌ የወጣው ግን "ፎቶሽን አሁኑኑ አውርጂ" የሚል ጩኸት ብቻ ሆነ። እኔም ብሆን ስልኩን እዘጋው ነበር።

ማክሰኞ ጠዋት ስገባ ከፎቶዬ ሥር አምስት ኮከብ ሰጥቶኛል። "በጣም ትሑት ሴት ናት፤ ከእንግዲህ የምደውለው ለእሷ ብቻ ነው" ብሎ ጽፎበታል፤ ማንም ያየዋል። አምስት ኮከብ ያገኘ ጥሪ ሁሉ ይደመጣል። አዳመጡና አሥራ ሰባት መባሉን፣ ሰባ አንድ መጻፉን አገኙ። ሲ ረዑፍ አስጠራኝ።

"ከእርስዎ እንዲህ ያለ ስህተት አልጠብቅም ነበር" አለ። "ግን አይጨነቁ፣ አስተካክለነዋል። ዓርብ ከምሳ በፊት ይደርሳል።"

"ሲ ረዑፍ፣ ሰውየው በሦስት መስመር የጻፍኩልዎ ሰው ነው።"

ብዕሩን አስቀመጠ። ክፉ ሰው አይደለም፤ የሴት ልጆቹን ፎቶ ጠረጴዛው ላይ አድርጓል። "ደንበኛ ነው፣ ከፍሏል። ምን ላድርግ ይላሉ?" አለኝ። ከልቡ ነበር የጠየቀኝ።

"ይሰረዝ" አልኩት።

"መሰረዝ የሚችለው ላኪው ብቻ ነው።"

"ላኪዋ እኔ ነኝ። ስሜን አያዩትም?"

"ስሙ የእርስዎ ነው" አለ አንገቱን ደፍቶ፣ "ላኪው ግን የከፈለው ሰው ነው።"

ወደ ወንበሬ ተመለስኩና እስከ ማታ ስልክ አነሳሁ። ፎቶዬ አሁንም እዚያው ነው። ጥሪ በመጣ ቁጥር እሱ ይመስለኛል፤ አንዲት አሮጊት ስለጠፋባት የመጋረጃ ጨርቅ ልትጠይቀኝ ደውላ ድምፅዋን ስሰማ አለቀስኩ። ሴትዮዋ እኔን ማጽናናት ጀመረች።

አሁን ደህና አድርገሽ ስሚኝ። ዕቃው ያለ ፊርማ አይሰጥም። በፈረምሽባት ደቂቃ የእሱ ስልክ ላይ መልእክት ይገባል፤ ማን እንደፈረመ፣ የት፣ በስንት ሰዓት። ይህን ለሺህ ደንበኛ እንደ መልካም ነገር አስረድቻለሁና አውቀዋለሁ። አሁን የሚያውቀው ፎቶሽን ነው፤ ስትፈርሚ ግን በሩ ውስጥ መሆንሽን ያውቃል። አትፈርሚ። ባልደረቦችሽም እንዳይፈርሙልሽ ንገሪያቸው። ለአለቃሽ ንገሪያትና ስምሽንና ፎቶሽን ያውርዱልሽ። የናጅላ ልጅ እንደምትለው ቢያወርዱትም ሌላ ቦታ ተቀድቶ ይቀራል፤ የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም። ቢሆንም ይውረድ። ለጥቂት ቀን ሌላ ከተማ ያለች ጓደኛሽ ዘንድ ሂጂ፤ የቷ እንደሆነች ለእኔም አትንገሪኝ።

ለበዓሉም አትምጪ። ክፍልሽን ቀለም አስቀብቼው ነበር፤ የምትወጂውን ሰማያዊ። ግን የኩባንያው ገጽ ላይ የእኛም ከተማ ተጽፏል።

አባትሽ ነው፤ ልታዪው ትፈልጊ ይሆናል። ሐሳቡ አልፎ አልፎ እንደሚመጣብሽ አውቃለሁ፤ ስለ እሱ ክፉ ተናግሬሽ አላውቅምና በአንቺ አልፈርድም። ደግ ሊሆን ያውቅበታል። ሰኞም ደግ ነበር።

አንብበሽ ስትጨርሺ ደውዪልኝ። ተቆጪኝ፣ ስደቢኝ፣ ለምን እስከዛሬ ደበቅሽኝ በይኝ። ብቻ ጮክ ብለሽ ተናገሪ።

አላህ በምታውቂውም በማታውቂውም መንገድ ይጠብቅሽ። ከሚፈልግሽ ይሰውርሽ፣ ለሚወድሽ ያቅርብሽ። እኔ ያልቻልኩትን እሱ ይቻልልኝ።

ዓርብ ስሜ የተጻፈበት ዕቃ ይመጣልሻል። ከእኔ አይደለም። ከእኔ የመጣው ይህ ወረቀት ብቻ ነው፤ የእጄን ጽሕፈት ታውቂዋለሽ።

እናትሽ