በዚህ ጎማ አልሄድም

መስከረም ፳፩፣ ከሰዓት

ወ/ሮ አሰለፈች በማኅበር ላይ ያወራችው ሐሰት ነው። «እህቷ ብትሞትም አልሄድም አለች» ብላለች አሉ። አላልኩም። ያልኩት «በዚህ ጎማ አልሄድም» ነው። ሁለት ቃል ጎደለ። እኛ በተማርንበት ት/ቤት ቃል የጎደለው መልስ ዜሮ ነበር፤ ከዜሮው ጋር አርጩሜ። አሰለፈችን ሦስተኛ ክፍል አስተምሬያታለሁ። ያኔም ከጎረቤቷ ስትገለብጥ ታጎድል ነበር።

ለአንቺ ለደብተሬ ግን ሳላጎድል ልጻፍ። ታናሽ እህቴ ዘነበች ዓለም ከተማ ታማ ተኝታለች። ልጇ ብርቄ ደውላ እናቷ እህል መቅመስ እንደተወች፣ እኔን እንደምትጠራ ነገረችኝ። ከዚህ ከዘመሮ መንገዱ እንዲህ ነው፤ መጀመሪያ ዋልካው ጭቃ፣ ቀጥሎ ድንጋያማው ቁልቁለት፣ ከዚያ ወንዙ፣ ከወንዙ ማዶ ዳገት። ባሌ ሲሞት የተወልኝ ፎርዊል መኪና ደጅ ቆሟል። የሚነዳው የወንድሜ ልጅ ደምሴ ነው። ጎማዎቹን ደብረ ብርሃን ሄዶ ራሱ መረጠ። የአስፋልት ጎማ። ጥርሳቸው ያለቀ፣ በቀለም የጠቆሩ። ጥፍሬን በጥርሱ መሃል ሰደድኩ። ግማሹ እንኳ አልጠለቀም። ይህ የሠርግ ጫማ ነው፣ ሠርጉ ግን ጭቃ ውስጥ ነው አልኩት። ሳቀ። እንዲስቅ አልነበረም።

መስከረም ፳፪

ደምሴ በአስፋልቱ ዞረን እንሂድ ይላል። ለዚያ ጎማው ይበቃል ባይ ነው። አይበቃም። ዝናብ ከጣለ ሊሾ ጎማ አስፋልት ላይም ሊሾ ነው። ደግሞ ዙሪያው ሩቅ ነው፤ ለቀብር ነው የምንደርሰው አልኩት። እንግዲያው በአቋራጩ አሁኑኑ እንውጣ አለ። በዚህ ጎማ አልሄድም አልኩ። ሁለቱንም ቃል ጨምሬ።

ተከራከረ። ስለዚህ ተፈተነ። ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ያለውን ዋልካ ተሻገር አልኩት። ትንሽ ሳይሄድ ተቀበረ። አራቱም ጎማ ይሽከረከራል፤ መኪናው ከቦታው ንቅንቅ አይልም። ደምሴ ወረደ፤ ጭቃው እስከ ጉልበቱ ዋጠው። ከቅዳሴ የወጡ ሰዎች መጥተው ገፉ። እኔ ከመኪናው አልወረድኩም። ከገፊዎቹ አንዱ በመስኮት ብቅ ብሎ፣ «እትዬ፣ እርስዎስ ትንሽ ቢቀሉልን?» አለኝ። ክብደቴ ለጎማው ይጠቅማል አልኩት። ሁሉም ሳቁ። ደምሴ አልሳቀም። ቀኑን ሙሉ ደስ ሲለኝ ዋለ።

መስከረም ፳፬

ደምሴ ሁለት አዲስ የጭቃ ጎማ አገኘ። ጥርሳቸው የጅብ መንጋጋ ነው። ሌሎቹ ሁለቱ ግማሽ ያገለገሉ። ጎሚስታው ከዚህ ሌላ የለኝም ብሎታል። ይሁን። ታዲያ አዲሶቹን ፊት ገጠማቸው። ለምን? «እትዬ፣ የክብር ቦታ ፊት ነዋ» አለኝ። ጎማን እንደ ካህን በየማዕረጉ ያስቀምጣል። ጎኔን እስኪያመኝ ሳቅሁ፤ በሰው ፊት።

ከዚያ አስረዳሁት። ባሌ ያንን ቁልቁለት ሲወርድ አጠገቡ እቀመጥ ነበር፤ ያየሁትን ነው የነገርኩት። ቁልቁል ሲወረድ ክብደቱ ወደ ፊት ይሄዳል፣ ኋላው ይቀላል። የቀለለ ኋላ ጥርሱ ደካማ ከሆነ፣ ፍሬን ሲያዝ ይንሸራተትና ፊቱን ሊቀድም ይመጣል። ከቀደመ ገደል ነው። ደምሴ ነጂው እኔ ነኝ አለ። ቁልፉን አምጣ አልኩት። ሰጠኝ። ቁልፉ አሁን ትራሴ ሥር ነው።

ብርቄ ደወለች። የእናቷ አንደበት እየተያዘ ነው። ጎማው ቦታውን ስቷል አልኳት። እንዲህ አለችኝ፦

«እትዬ፣ እናቴ የምትጠብቀው እኮ ጎማ አይደለም።»

ስልኩን ዘጋሁት።

መስከረም ፳፭

ቁልፉን አልሰጠሁም። ደምሴ ደጃፍ ተቀምጦ የጎማውን ቸርኬ ይወለውላል። ቀና ሳይል፣ በትሕትና፣ «ጎማው ሲስተካከል ደግሞ ምን ያገኙ ይሆን፣ እትዬ?» አለ። ፍሬኑን አልኩት። መልሱ ቶሎ መጣልኝ። ቶሎ በመምጣቱ ተናደድኩ።

አንቺ ደብተር ታውቂያለሽ። የእናታችን ቀብር ዕለት፣ ድንኳን ውስጥ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ ዘነበች «አንቺ አስተማሪ ነሽ እንጂ እህት አይደለሽም» አለችኝ። ዓረፍተ ነገሩ ስሕተት የለበትም። ፊደል ያስቆጠርኳት እኔ ነኝ። ከዚያ ወዲህ ዓይኗን አላየሁም። መልሱን ግን ስንት ዓመት ሳሰናዳ ኖሬያለሁ። አንድ ቃል አይጎድለውም። አሁን አንደበቷ ተያዘ። መከራከር ለማይችል ሰው መልስ መስጠት ለፈተና ያልተቀመጠን ተማሪ እንደ መጣል ነው። ያም ቢሆን ልነግራት እፈልጋለሁ። ደግሞ አልፈልግም። ብርድ ነው። እግሬን ይበላኛል።

መስከረም ፳፮

ጠዋት ወጣሁ። ደምሴ ሳይነግረኝ ቀይሮታል። አዲሶቹ ከኋላ ናቸው። ለጭቃው ብሎ ንፋሱን ትንሽ ቀንሶታል። ድንጋዩ ጋ ስንደርስ መልሶ የሚሞላበትን መንፊያ ከወንበር ሥር አድርጓል፤ ንፋሱ ያነሰ ጎማ ጎኑን ስለታም ድንጋይ ይቀደዋል። ይህን እኔ አልነገርኩትም። ማንን ጠይቆ ይሆን? አልጠየቅሁትም። አላመሰገንኩትም።

ተንበርክኬ አራቱንም አየሁ። ጥርሱን፣ ጎኑን፣ ብሎኑን። ስሕተት ፈለግሁ። ደግሜ ዞርኩ። የለም። እዚያው በጉልበቴ ቆየሁ። ደምሴ እጁን ዘረጋልኝ፤ የመኪናውን በር ይዤ ተነሣሁ።

ከሰዓት ብርቄ ደወለች። እስካሁን አለች ብላ ጀመረች። መናገሩ ቀርቷል፤ መኪና በደጅ ሲያልፍ ግን ዓይኗን ትገልጣለች አለች። ስለ ጎማ የምለው አልነበረኝም። እሷ ናት የዘጋችው።

ነገ፣ መጀመሪያ፦

ቁልፉን ለደምሴ መስጠት። ያለ ምክር።

ሰው ሠራሹን ጥርሴን ማድረግ። ዘነበች ድዴን አታይም።

በአሰለፈች ደጅ ስናልፍ ቀስ ይበል፤ ክላክስ ሁለቴ። መስኮቱን እከፍታለሁ፣ ሰላም አልላትም።

መልሱን በመንገድ አልደግመውም። ብረሳው ልርሳው።

ፊት አልቀመጥም። ከኋላ። ቁልቁለቱ ላይ ኋላው ክብደት ይፈልጋል።