እልልታ ስለተባለው ጩኸቴ

ለአምስት በር የሕዝብ ቴሌቪዥን ጣቢያ
ዋና ሥራ አስኪያጅ ለአቶ ተክለጻድቅ
ሐረር

ቀን፦ ጥር 17 ቀን 2009 ዓ.ም.

ጉዳዩ፦ በጣቢያው አሥረኛ ዓመት ፊልም ውስጥ ባለቤቴ የተደበደበበት ምስል «የአቀባበል ደስታ» ተብሎ መቅረቡ እንዲታረምና የተሸፈነው ድምፁ እንዲገለጥልኝ ስለመጠየቅ

አመልካች ወ/ሮ ጽጌሬዳ ገብረመድኅን፣ ፈላና በር አካባቢ በልብስ ስፌት የምተዳደር፣ የጣቢያው የመጀመሪያ ካሜራማን የአቶ ወንድወሰን ባለቤት ነኝ። እርስዎም አይረሱኝም፤ በሠርግዎ የሚዜዎቹን ቀሚስ የሰፋሁት እኔ ነኝ። ቢሆንም አቤቱታ በወጉ ነውና እንደሚከተለው አመለክታለሁ።

1. ጣቢያው በ1999 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ቤቱ አሮጌ መጋዘን፣ ካሜራውም አንድ፣ ካሜራማኑም አንድ ነበር። ከዜና አንባቢው ጀርባ የሚታየው ሰማያዊ መጋረጃ ከእኔ ሳሎን የወረደ ነው። ፊልማችሁ «ዘመናዊ ስቱዲዮ» ሲለው ስቄ ዝም አልኩ፤ በበዓል ቀን ትንሽ ማጋነን ያለ ነው። ዜናው በሐረሪኛ፣ በኦሮምኛና በአማርኛ ሲተላለፍ ሰፈሩ ቴሌቪዥን ያለው ቤት ተሰብስቦ የዘመዱን ፊት ይፈልግ ነበር። «የእነሱ ሠርግ ታይቶ የእኛ ለምን ቀረ» ብለው የተኳረፉም አውቃለሁ። ይህን ማንሣቴ የጣቢያው ጠላት አለመሆኔ እንዲታወቅልኝ ነው።

2. በ2002 ዓ.ም. በጋ ውሃ ጠፋ። አንድ ጠዋት በአቦከር ቦኖ ውሃ ተለቋልና ሄደህ ቅረጽ ተብሎ ባለቤቴ ተላከ። የላኩት ያኔ የዜና ክፍል ኃላፊ የነበሩት እርስዎ ነበሩ። ውሃው ተንዶለዶለ፣ ተቀረጸ፤ መኪናው ከመንገዱ ሲታጠፍ ቧንቧው ተዘጋ። ማታ ዜናው «የአቦከር የውሃ ችግር ተፈታ» አለ። ጎረቤቴ ወ/ሮ ሙሉ ጀሪካኗን ይዛ ገብታ ቴሌቪዥናችን ሥር ደቀነችና «ወንድዬ፣ አንተ ቤት እየፈሰሰ ነው፤ ሲሞላ ጥራኝ» አለችው። ቤቱ በሳቅ ሞላ። እሱ አልሳቀም። እኛም ጓዳ ጠብታ አልነበረም።

3. በሳምንቱ መኪናው ሌላ ዘገባ እንዲሠራ ወደዚያው ቦኖ ተመለሰ። ሾፌሩ አው ሙሳ የሕዝቡ ሆድ ስለቆሰለ ዛሬ ይቅርብን ብለው ለምነው እንደነበር ራሳቸው ነግረውኛል፤ የሰማቸው የለም። እኔ ነፍሰ ጡር ሆኜ ከወረፋው ነበርኩ። የጣቢያው ዓርማ ያለበት መኪና ብቅ ሲል አንድ ሰው «ውሸታሞቹ መጡ» አለ። ከዚያ ወዲያ ወረፋ የለም።

መጀመሪያ የተወረወረው ባዶ ጀሪካን ነው፤ ባዶ ጀሪካን ሰው አይገድልም። ድንጋይ ተከተለ። የፊት መስታወቱ ረገፈ። ባለቤቴ ግማሽ አካሉን በመስኮት አውጥቶ ይቀርጽ ነበር፤ ምን ላድርግ፣ ቤት ሲቃጠል ካሜራ የሚያነሣ ሰው ነው ያገባሁት። በካሜራው ማሰሪያ ጎትተው መሬት ጣሉት። አንዱ ከውሃ ጋሪ የነቀለውን ብረት አነሣ፤ ትከሻውን መታው፣ ቀጥሎ ጭንቅላቱን። እንጨት ሲሰነጠቅ የሚሰማው ድምፅ ነው። አው ሙሳ ከላዩ ተደፍተው የሚቀጥለውን በቀኝ ክንዳቸው ተቀበሉ፤ ክንዳቸው እስከ ዛሬ አይዘረጋም። ሴቶችም ረገጡት፤ ቀሚሳቸውን የሰፋሁላቸው ሴቶች። ያን ቀን በዚያ ቦኖ ሥር የፈሰሰ ነገር ቢኖር የእሱ ደም ብቻ ነው።

4. ወንድወሰን ከሞት ተረፈ፤ አንድ ዓይኑና አንደበቱ ግን አልተረፉም። ብርቱካን ይዘው ሆስፒታል መምጣትዎን አልዘነጋሁም። ያኔ በሆዴ የነበረችው ልጃችን ልደት የአባቷን ድምፅ ሰምታ አታውቅም። ካሜራማን ሰው ይቀርጻል እንጂ ራሱ አይቀረጽም፤ ቤታችን ውስጥ ድምፁ ያለበት አንድ ካሴት የለም።

በብረት የመታው ሰው ተፈርዶበት፣ ታስሮ ወጥቷል። መንገድ ላይ ሲያየኝ አቀርቅሮ ያልፋል። እሱ እንኳ ያደረገውን ያውቃል።

5. ፊልማችሁ ግን ባለቤቴ ራሱ ከመስኮቱ በቀረጸው ምስል ያንኑ ሰው ብረቱን ከፍ አድርጎ ሲሮጥ እያሳየ «ነዋሪው ጀሪካኑን እያወዛወዘ፣ እናቶችም በእልልታ ጣቢያቸውን ሲቀበሉ» ይላል። ከሥሩ ዘፈን አለ። እጇን አፏ ላይ አድርጋ ወደ መኪናው የምትሮጠው ባለ ነጠላ ሴት እኔ ነኝ። እልል አላልኩም። «ባሌ ነው፣ ልቀቁት» እያልኩ እሪ ስል ነው። ካሜራው ሊወድቅ ሲል ምስሉ ይቆረጥና የበዓላችሁ ኬክ ይመጣል።

ይህ በየምሽቱ ከዜና በፊት ይታያል። ዘፈኑ ሲጀምር ወንድወሰን ክንዱን አንሥቶ ግንባሩን ይከልላል። ቴሌቪዥኑን አጠፋለሁ፤ ዘፈኑ በጎረቤት ግድግዳ በኩል ይመጣል። ሰፈሩም ያው ሰፈር ነው፣ ምላሱ አያርፍም፤ ባሏ ሲደበደብ እልል ያለች እየተባልኩ ነው። ወሬው ትምህርት ቤት ደርሶ ልደት አንድ ቀን ቦርሳዋን እንኳ ሳታወርድ «እማዬ፣ ለምን እልል አልሽ?» አለችኝ።

6. የፊልሙን አቀናባሪ ወ/ሪት ሕይወትን ሄጄ አነጋግሬያታለሁ። ክፉ ልጅ አይደለችም፤ ያኔ ጣቢያው ውስጥ አልነበረችም። «እናቴ፣ ምስሉ እኮ ደስ ይላል። ድምፁ ጫጫታ ሆኖብን ነው ዘፈን ያለበስነው» አለችኝ። ድምፁ አለ ማለት ነው። ይህን ለአው ሙሳ ስነግራቸው፣ ካሜራው መሬት ወድቆም እየቀረጸ እንደነበር፣ ባለቤቴም ብረቱ ጭንቅላቱ ላይ ከማረፉ በፊት ወደ ሰዉ እንደጮኸ ነገሩኝ። እኔ በራሴ ጩኸት አልሰማሁትም። ወላሂ ብለው የነገሩኝ ቃሉ ይህ ነው፦ «ውሃው የመጣው ለካሜራው ነበር። እኔም ቤት የለም።»

ክቡር ሥራ አስኪያጅ፣ ሌላው ሲናገር እየቀረጸ የኖረ ሰው በራሱ አንደበት የተናገረው ዜና ይህ ብቻ ነው። በዘፈን የሸፈናችሁትም ይህንኑ ነው።

7. ስለሆነም ምስሉ አቀባበል መባሉ ቀርቶ የሆነው እንዲነገርልኝ፣ ዘፈኑም ወርዶ በራሱ ድምፅ አንድ ምሽት በዜና ሰዓት እንዲተላለፍልኝ በትሕትና አመለክታለሁ። የረገጡት ሴቶች ድምፅም ይሰማል፤ ይሰማ። ለከተማው ነውር ነው የሚባል ከሆነ ደግሞ ሦስታችንን ጣቢያው አስገብታችሁ በር ዘግታችሁ አሰሙን። ልደት እናቷ እልል አለማለቷን ትስማ። አባቷም ድምፅ እንደነበረው ትወቅ።

መልስዎን በር በሩን እያየሁ የምጠብቅ፣
ከሰላምታ ጋር

ጽጌሬዳ ገብረመድኅን (ፊርማ)

የተጻፈው እውነት ስለመሆኑ ምስክር፦ ሾፌር አው ሙሳ (በግራ እጃቸው የፈረሙት)